ከቆርቆሮው ሥር

እኩለ ቀን ነው። የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች። የጋለው የጣሪያ ቆርቆሮ ሙቀቱን ቁልቁል ይለቃል፤ በቤተሰቡና በቆርቆሮው መካከል ያለው ኮርኒስ ብቻ ነው።

ለኮርኒስ ከሚመረጡት አንዱ ኮምፖልሳቶ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ የሚሠራው ስስ የእንጨት ልጣጮችን በሙጫ በማነባበር ነው። የአንዱ ልጣጭ ጭረት በቁመት ከሄደ የሚቀጥለው በአግድም ይሄዳል። የንብርብሩ ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ነው፦ 3፣ 5 ወይም 7። ጭረቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ሉሁ እንደ ተራ ጣውላ በቀላሉ አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም።

ጠላቱ ውኃ ነው።

ከግድግዳው አልፎ በወጣው የጣሪያ ጠርዝ ሥር የሚመታ ኮምፖልሳቶ በተለይ ይጋለጣል። ሙጫው ውኃ የማይቋቋም ከሆነ፣ የሉሁ ጠርዞችም ቀለም ካልጠጡ፣ ዝናብ ሲደጋግመው ያብጥና ንብርብሩ ይላቀቃል። ምስጥም አይምረውም።

የጣሪያውን ጠርዝ ሥር ሙሉ በሙሉ መድፈን ግን ሌላ ችግር ያመጣል፤ ትኩስ አየር ከቆርቆሮው ሥር ይታፈናል። አናጢው ከጠርዙ ሥር የአየር ማስገቢያ፣ ከጣሪያው አናት አጠገብ ደግሞ ማስወጫ ቢተው፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ይተካዋል። ክፍተቶቹ ላይ የሚወጠር የወንፊት ሽቦ ወፍና አይጥ እንዳይገቡ ያግዳል።