ጀበናን በኮምፒውተር ስለ መቅረጽ

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሁሉ፣ የጥንቱ ጠራቢ ሕንጻውን ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመካብ ሳይሆን ትርፉን ከአለቱ በመቀነስ እንዳወጣው፣ ለዚህም አስቀድሞ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በኅሊናው መሣል እንደ ነበረበት ያስተውላል። ዛሬ በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ ለመሥራት የሚነሣ ጀማሪም የሚፈተነው በዚሁ በኅሊና ሥዕል ነው።

መሣሪያው ችግር አይደለም፤ ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህም ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ ላለ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ ከጀበና የሚሻል ዕቃ አላገኘሁም። የሆዱን ዙሪያ በክር ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ከጎን ወደ ጎን ያለውን ስፋት ይሰጣል፤ ከዚያም ከመቀመጫው እስከ አፉ ያለውን የአንድ ወገን መስመር ብቻ ስሎ፣ በመካከል ባለው ዘንግ ዙሪያ 360 ዲግሪ ቢያዞሩት ሆዱና አንገቱ ባንድ ጊዜ ይከሠታሉ። ጆሮው ግን በአንድ ወገን ብቻ ያለ ነውና ለብቻው ተሠርቶ ይገጠማል። ብዙዎች የሚዘነጉት የገሉን ውፍረት ነው፤ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚታየው ገጽ ውፍረት አልባ ስለሆነ፣ ውስጡ ካልተበጀ በቀር ቅርጹን በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ መሣሪያ ግዙፍ አካል ማልበስ አይቻልም።

በላሊበላ የተደረገው ከኮምፒውተር ወደ ግዙፍ አካል የሚሄደው የዚህ መንገድ ተቃራኒ ነው፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ጨረር ለክተው፣ ከድንጋዩ ወደ ኮምፒውተሩ አሻግረዋቸዋል።