የስኳር ማስቀመጫው ጉዳይ

(በክሊኒካችን የባለትዳሮች የውይይት ቀን ላይ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያደረጉት ንግግር)



ሲስተር ከእናንተ ፊት ቆሜ ስለ ትዳሬ እንድናገር ስትጠይቀኝ፣ «ስለ ዳንቴል ከሆነ እሺ፤ ስለ ሌላው ግን አፌ አይፈታም» ብያት ነበር። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልዴን አልነበረም። የእኔ ትዳር ከዳንቴል፣ ከመጋረጃና ከቡፌ ተለይቶ አይነገርም። ባለቤቴ እዚያ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል፤ ያጋነንኩ እንደሆነ እጁን ያነሳል።

ስንጋባ እዚሁ ደብረ ብርሃን የተከራየነው ቤት የጭቃ ቤት ነበር። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ከጓሮ ማድ ቤት። ኮርኒሱ አቡጀዴ ስለነበር ማታ ማታ አይጥ ሲሮጥበት ከታች ጋደም ብለን እግሩን እንከታተላለን። ባለቤቴ «አሁን ከቡፌው በላይ ደረሰ» ይለኛል። እኔ በዚያ ቤት አፍር ነበር። ስለዚህ የማይለወጠውን ግድግዳና ኮርኒስ ትቼ የሚለወጠውን ያዝኩ። ክርና ኪሮሽ ከእጄ አይጠፋም። ለሬዲዮው ዳንቴል፣ ለጠረጴዛው ዳንቴል፣ ለቴሌቪዥኑ ባለ ዘርፍ ዳንቴል፣ ለእያንዳንዱ የሶፋ መደገፊያ ዳንቴል። ያኔ ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም ስለነበር ዳንቴሉንም የአበባ ማስቀመጫውንም ይሸከማል። የዛሬው ስስ ቴሌቪዥን በዚህ በኩል ምንም አይረባም።

የሶፋው ዳንቴል እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። አንድ ቀን ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ፣ የከተማችንን ብርድ ታውቃላችሁና ካፖርቱን ሳያወልቅ ጥቂት አረፍ አለ፤ ከዚያም ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ወጣ። መርፌ ቁልፉ ከሶፋው ተላቆ ከካፖርቱ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ድንኳን ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ከዳር እስከ ዳር ሲዞር ነጩ ዳንቴል ከጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል። ሐዘንተኛ ቤት ነውና ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልነገረውም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ በእናንተ አገር በዳንቴል ነው የሚታዘነው?» አሉት። ማታ ሲመጣ አጣጥፎ ከኪሱ አወጣና አንዲት ቃል ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልቀደደውም። ይህን ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የምሳሳው ለቡፌው ነበር። በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ፣ ባለ መስታወት በር ቡፌ። ውስጡ በሠርጋችን የተሰጠን የሻይ ዕቃ ተደርድሯል፤ ጽጌረዳ የተሳለባቸው ስድስት ስኒዎች ከነሳህናቸው፣ ማንቆርቆሪያው፣ የወተቱ ዕቃና ክዳን ያለው ስኳር ማስቀመጫ። በዚያ ዕቃ ሻይ የጠጣ ሰው አልነበረም። እኛ የምንጠጣው ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነው። ልጆቼ አፍ ከመፍታታቸው በፊት «የእንግዳ ነው» የሚለውን ትእዛዝ ተምረዋል ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ትምህርቱም ገብቷቸዋል። አማቴ ከመንዝ ሊጠይቁን መጥተው ስኒዎቹን ቀረብ ብለው ሲያዩ ትልቋ ልጄ፣ «አያቴ፣ እሱን እንዳይነኩ፤ የእንግዳ ነው» አለቻቸው።

«እኔስ ምንድን ነኝ ልጄ?»

«እርስዎማ አያቴ ነዎት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይባስ ብሎ አማቴ ያመጡልንን ባና፣ ያንን ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ጥቁር ቡናማ ቀለሙ ከሶፋዬ ጋር አልሄድ ስላለኝ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። ሌሊት አማቴ ያንን የሚያምር ግን የማይሞቅ የሱቅ አልጋ ልብስ ለብሰው ሲንቀጠቀጡ ልጃቸው ተነስቶ ባናውን ከሣጥን አወጣ። እኔን ግን አላየኝም። ማየቱን ነበር የምመርጠው።

ሁለተኛው ልጄ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «ውሃ ያላገኘ አበባ ይሞታል» ብዬ የጓሮውን ሳጠጣ ሰምቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አበባ በየቀኑ በኩባያ ያጠጣው ነበር። ማስቀመጫው ሞልቶ ፈሰሰና አንድ ምሽት ዜና ስናይ ቴሌቪዥኑ ጢስ አወጣ። «ግን እኮ አልሞተም!» ብሎ አበባውን አሳየን።

ሐረር የሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ግድግዳው ሁሉ በስፌትና በሳህን ያጌጠ ነው፤ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ያመለክታል ይባላል። ጌጡ የቤቱን ጉዳይ ይናገራል ማለት ነው። የእኔ ጌጥ ሥራው መደበቅ ነበር። አሁን ወደዚያ ልምጣ።

ሁለተኛው ልጅ ስምንት ወር ሲሞላው ወደ ክሊኒክ ሄጄ ኪኒን ጀመርኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱ «ቤት የሚሞቀው በልጅ ነው» የሚል ሰው ነው፤ እኔም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እየተባለ በሚነገርበት ቤት ያደግሁ ነኝ። ነገሩን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም ነበር። ኪኒኑን ደግሞ የት ላድርገው? ልጆች ፍራሽ ሥር ይገባሉ፤ ባለቤቴ ሣጥን ይከፍታል። በቤታችን ማንም የማይነካው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። አዎ፣ ስኳር ማስቀመጫው። (ሳቅ)

ጥሩ መደበቂያ አግኝቻለሁ ብዬ ስኩራራ ቆየሁ። ለጥምቀት አማቴ መጡና አንድ ወር ሰነበቱ። የሚተኙት ሳሎን ነው። የቡፌው በር ሲከፈት ይጮኻል፤ እርሳቸው ደግሞ እንቅልፋቸው እንደ ወፍ ነው። አንድ ሌሊት ሳልውጥ አደርኩ። በማግስቱ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኩ። ቀጥሎ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ሦስት ሌሊት አለፈኝ። አማቴ ወደ መንዝ ሲመለሱ እኔ አርግዤ ነበር።

ሲስተር እዚህ ላይ ነገሩን እንዳብራራ አደራ ብላኛለች። እኔ እወስደው የነበረው ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት ኪኒን በየቀኑ፣ በተለመደ ሰዓት የሚዋጥ ነው። አንድ ቀን የተረሳ እንደሆነ ወዲያው እንደታወሰ መዋጥ፣ የሚቀጥለውንም በሰዓቱ መውሰድ ነው። ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተዘለለ ግን እንደታወሰ አንዱን ውጦ በየቀኑ መቀጠል፣ ሰባት ቀን ሳይቋረጥ እስኪዋጥ ድረስ ደግሞ ኮንዶም መጠቀም ወይም መታቀብ ያስፈልጋል፤ ክሊኒክም ብቅ ማለት ይገባል። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ሌላ ዓይነት ኪኒን ደንቡ ይለያል፤ እሱን ከሲስተር ጠይቁ። እኔ ይህ ሁሉ ተነግሮኝ ነበር። የቡፌው በር እንደሚጮኽ ግን ለሲስተር አልነገርኳት።

ሦስተኛዋ ልጄ ስትወለድ ወንድሟ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ባለቤቴ ደም ሰጥቶ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ ማየቴን አስታውሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየት እንደሚገባ ምክር አውጥቷል፤ የእናቲቱም የሕፃኑም አካል የሚያገግምበት ጊዜ ነው። እኔ ከዚያ እኩሌታውን ትንሽ ያለፍኩ ብሆን ነው።

ከዚያ በኋላስ ነገርኩት? አልነገርኩትም። ኪኒኑ ተመልሶ ስኳር ማስቀመጫው ውስጥ ገባ። በዚያው ሰሞን ለሳሎኑ አዲስ መጋረጃ አስበን ነበር። ሦስት ወር ተከራከርን። እሱ እድፍ እንዳያሳይ ቡናማ ይሁን አለ፤ እኔ ክሬም ሆኖ ወርቃማ አበባ ያለበት አልኩ። ናሙና ጨርቅ መስኮት ላይ እየሰቀልን ጠዋትና ማታ አየን። በመጨረሻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ድረስ ወርደን ገዛን። በዚያ ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሄድ ያወራነው ስለ መጋረጃ ነው።

መጋረጃው ተሰቅሎ ቤቱ ሲያምር ባለቤቴ ደስ ብሎት የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ሻይ ጋበዘ። «ዛሬ የእንግዳው ዕቃ ይውጣ!» አለ። እኔ ማድ ቤት ዳቦ እቆርሳለሁ። ድምፁን ሰምቼ እስክደርስ ትልቋ ልጄ በአሥር ጣቷ ይዛ ስኳር ማስቀመጫውን ከአለቃው ፊት አኑራዋለች። ክዳኑን አነሱ። ዝም አሉ። ባለቤቴም አየ። ልጄ፣ «ስኳሩ በወረቀት ተጠቅልሏል» ብላ አስረዳች።

አለቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱና፣ «እህቴ፣ ይህን የኔዋም ትወስድ ነበር፤ ከስኳር ዕቃ አውጪው፣ እርጥበት አይወድም» አሉኝ። ከዚያ ስለ መጋረጃው ማማር ማውራት ቀጠሉ። እግዜር ይስጣቸው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ እቆጣለሁ ብዬ የጠበቅሁትን አልተቆጣሁም። ባለቤቴም ድምፁን አላነሳም። ልጆቹ ሲተኙ፣ «ለመጋረጃ ቀለም ሦስት ወር ጠየቅሽኝ፤ ለዚህ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም» አለኝ።

«መጋረጃውን ብትጠላው ይወርዳል» አልኩት። «ይኼን ብትጠላብኝ ምን አደርጋለሁ?»

አይጧ ከኮርኒሱ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ማንም የት እንደደረሰች አልተናገረም። በኋላ እሱ ስለ እናቱ ጀመረ። ዘጠኝ ወልደው አራት ቀብረዋል። ብዙ ልጅ የሚወደው ስለዚህ እንደሆነ፣ ልጅ ሲያስነጥስ እንኳ የሚደነግጠው ስለዚህ እንደሆነ ያን ሌሊት ነው የሰማሁት። ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም ነበር። እኔም ሐኪም ቤት ኮሪደሩ ላይ ሳየው ያሰብኩትን ነገርኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለታችንም እዚህ መጣን። ባለቤቴ ለሲስተር ያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ልጆች ሞት ነበር። መልሱን በቁጥር ልንገራችሁ፦ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ያሳያል፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ 67 ነበር። ክትባቱም ሆነ አራርቆ መውለዱ የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በመጀመሪያ የሦስት ወሩን መርፌ መረጥን። የወር አበባዬ ሲቀር አርግዣለሁ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሊጠይቅልኝ ወደ ክሊኒክ የሮጠው እሱ ነው። መርፌ በሚወስዱ ሴቶች ላይ የተለመደ እንጂ ጉዳት እንዳልሆነ ተነግሮት ተመለሰ፤ ለጎረቤት ሁሉ ሊያስረዳ ሲነሳ በግድ ነው ያስቆምኩት። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊዘገይ እንደሚችልም ተነግሮናል። ቆይቶ ሉፕ አስገባሁ። የመዳቡ ሉፕ አሥር ዓመት ያገለግላል፤ በፈለጉ ጊዜ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላም ለማርገዝ አያዘገይም። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን ከኤች አይ ቪ አይከላከሉም፤ ለዚያ ኮንዶም ይረዳል።

አማቴ? አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር «አራተኛውስ?» ይሉኛል። ድሮ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ልጃቸው «እማዬ፣ እኔን ይጠይቁኝ» ይላል። እርሳቸውም እሱን አይጠይቁትም፤ እኔን ነው የሚጠይቁት። በዚህ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። ባናው ግን ሶፋው ላይ ተነጥፏል፤ ከመጋረጃው ጋር አይሄድም፤ ልጆቹ ከሥሩ አይወጡም።

ከስድስቱ ስኒዎች አራት ቀርተዋል፤ በየቀኑ ስለምንጠጣባቸው ነው። ስኳር ማስቀመጫው ክዳኑ ተሰብሮ በዳንቴል ይከደናል። (ሳቅ) እሱን የሠራሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ ንድፉን የምትፈልጉ ካላችሁ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ሌላው ሲስተር እዚሁ አለች፤ ስለ ዳንቴሉ እኔን ጠይቁኝ።