ሳታነቡት አትፈርሙ
ስለ ሥራ ማመልከቻና ስለ አዲሱ ጸሐፊ

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በራዲዮ የተነገረ)

ይህ ንግግር በወረቀት ታትሞም ይደርሳችኋል። ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር በእርሳስ አስምሩበትና ነገ መምህራችሁን ጠይቁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከተመረቅሁ ወዲህ ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ያሉትን ጎልማሶች አስተምራለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሥራ ማመልከቻ ነው። በተለይም በስልክ ውስጥ ሆኖ ማመልከቻ ስለሚጽፍ አዲስ መሣሪያ ነው።

በመጀመሪያ ግን ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማመልከቻ ሲያስፈልገው ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ራፖር ጸሐፊው በፍርድ ቤት ወይም በቀበሌ ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ባለጉዳዩ ይነግረዋል፤ እርሱ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ባለጉዳዩ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ከወረቀቱ ግርጌ ያትማል። ጸሐፊው ቅንና አስተዋይ ሰው ከሆነ መልካም ነው። የተነገረውን አጣሞ ከጻፈው ግን ጉዳቱ የባለጉዳዩ ነው። በሬ ጠፋብኝ ያለው ሰው፣ በወረቀቱ ላይ ላም ጠፋብኝ ብሎ ሊገኝ ይችላል። «አላልኩም» ቢል ማን ያምነዋል? የጣቱ አሻራ አለበት።

በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶችና አባቶች ከሁሉ በፊት የጓጉት ስማቸውን ለመጻፍ ነበር። ስሙን የሚጽፍ ሰው አውራ ጣቱን ማተም ይቀርለታል። ይሁን እንጂ ስምን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ከስሙ በላይ የተጻፈውንም ማንበብ ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ጸሐፊ እንምጣ። ይህ ጸሐፊ ጠረጴዛ የለውም። የሚገኘው በስልክና በኮምፒዩተር ነው። በአማርኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። ባጭሩ ኤ አይ የሚሉትም አሉ። ብዙ ሰው ያወቀው ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄ ይጻፍላቸዋል፤ አንዳንዶቹንም በድምፅ ማናገር ይቻላል። መልሱን ወዲያው ጽፈው ያመጣሉ።

ታዲያ መሣሪያው እንዴት ይጽፋል? ሰዎች የጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚዘወተር ለይቷል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እኔ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ብዬ ዝም ብል፣ ቀሪውን እናንተ ትሞሉታላችሁ። ደጋግማችሁ ሰምታችሁታልና። መሣሪያውም እንደዚሁ ይሞላል። እርሱ ግን ሎሚውን አላየውም፤ ሸክሙንም አያውቀውም። የሥራ ማመልከቻ ጻፍ ቢባልም በማመልከቻ ላይ የሚዘወተሩትን ቃላት ይደረድራል። የእናንተን ሕይወት ግን አያውቅም። ካልነገራችሁት ባዶውን ቦታ ከራሱ ሊሞላው ይችላል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህንንም ለመረዳት በማታ ክፍሌ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በሰው ቤት ልብስ እያጠቡ 3 ልጆች አሳድገዋል። አንድ ቀን፣ አንድ ሆቴል የላውንደሪ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያው የወጣው በቴሌግራም ነው። ማመልከቻውም በስልክ እንዲላክ ይጠይቃል። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው 2 ቀን ብቻ ነበር።

ታላቁ ልጃቸው ማስታወቂያውን ለመሣሪያው ሰጠና «ለእናቴ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ገጽ ሙሉ ማመልከቻ መጣ። ልጁም ደስ ብሎት «እማዬ፣ አለቀ። ልላከው?» አላቸው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» አሉ።

«ይመሽብሻል እኮ!»

«ይምሽ። ከሥሩ ያለው የኔ ስም ነው።»

ፊደሉን እያገጣጠሙ ማንበብ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «በታላላቅ ሆቴሎች የ5 ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ» የሚል አገኙ። ዝቅ ብሎ ደግሞ «10ኛ ክፍል አጠናቅቄያለሁ» ይላል።

በማግሥቱ ማታ ስልኩን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ እስቲ ይዩልኝ። ይህቺ ሴት እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

አነበብኩት። እውነትም እርሳቸው አይደሉም። ያልሠሩት ሥራና ያልተማሩት ትምህርት ተጽፏል። ለ17 ዓመታት የሰው ልብስ ማጠባቸው ግን አልተጻፈም። የትኛው እድፍ በምን እንደሚለቅ ማወቃቸውም የለም። ውሸቱ ገብቶ እውነቱ ቀርቷል።

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዲሁ ቢላክስ? ሥራው እኮ ያስፈልገኛል» አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ጥቂት ዝም አልኩ። የቤት ኪራይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ኋላ ግን «እትዬ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጡ ቢሉዎትስ ምን ያመጣሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምንም» አሉ። «እንግዲያው ያለዎትን እንጻፍ» አልኩ። እርሳቸው ተናገሩ፤ እኔ ለመሣሪያው ጻፍኩለት። ከነገርንህ ሌላ ምንም አትጨምር አልነው። ያመጣውንም አብረን አነበብን፤ አረምነውም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ማመልከቻው እንዲህ ሆነ።

«ጉዳዩ፦ የላውንደሪ ሥራ ስለመጠየቅ።
በሆቴል ሠርቼ አላውቅም። ነገር ግን በሰው ቤት ለ17 ዓመታት ልብስ አጥቤያለሁ፤ ተኩሻለሁም። ነጩንና ባለቀለሙን ለይቼ አጥባለሁ። የዘይት፣ የቡናና የደም እድፍ ማስለቀቅ እችላለሁ። ማንበብና መጻፍ ተምሬያለሁ። የሠራሁላቸው 2 ቤተሰቦች ይመሰክሩልኛል።»

ምዝገባው ሳይዘጋ ተላከ። ያ ሆቴል አልጠራቸውም። ነገር ግን ያንኑ ማመልከቻ ለሌላ ቦታ ማስተካከል 5 ደቂቃ ብቻ ወሰደ። በአንድ ወር ውስጥ ለ4 ቦታዎች አመለከቱ። አንደኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራቸው። ጠያቂዋም ማመልከቻውን እያየች «ደም የነካው አንሶላ በምን ይታጠባል?» አለቻቸው። «በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ከነካው ይይዝና አይለቅም» ብለው መለሱ። ዛሬ እዚያው ይሠራሉ።

እንግዲህ መሣሪያው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቀድሞ በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ አካባቢ ሥራ ፈላጊዎች ጋዜጣ ተከራይተው፣ ቆመው ማስታወቂያ ይለቅሙ ነበር። ከዚያ ለጸሐፊው፣ ለፎቶ ኮፒውና ለታክሲው ይከፈላል። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ለመፈለግ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። አዲሱ መሣሪያ ከዚህ ድካም ብዙውን ይቀንሳል። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳይነበብ የተላከ ማመልከቻ ጊዜ ያባክናል እንጂ አያተርፍም። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ። የሥራው ዓይነት ምንድን ነው? የትምህርት ደረጃ ስንት ይላል? የሥራው ቦታ የት ነው? ምዝገባው መቼ ይዘጋል? ዋስ ይጠይቃል? ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ መሣሪያውን «ወደ አማርኛ መልስልኝ» በሉት።

ሁለተኛ፦ ስለ ራሳችሁ እውነተኛውን ነገር በደብተር ጻፉ። ምን ሠርታችኋል? የት? ስንት ዓመት? ምን ትችላላችሁ? ማን ይመሰክርላችኋል? ይህ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ለብዙ ማመልከቻ ያገለግላል። ትልቁ የጊዜ ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ደብተር ነው። በሰው ቤት የተሠራ ሥራም፣ የእርሻ ሥራም፣ የጉልት ንግድም ሥራ ነው። አትናቁት፤ ጻፉት።

ሦስተኛ፦ ለመሣሪያው በግልጽ ንገሩት። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ። «ማስታወቂያው ይህ ነው። እኔ የሠራሁት ይህ ነው። በቀላል አማርኛ አጭር ማመልከቻ ጻፍልኝ። ያልነገርኩህን አትጨምር።» መጻፍ ከከበዳችሁ ስልኩ ላይ ተናገሩ፤ ወይም ከልጆቻችሁ ጋር ሁኑ። እንዲህ ተብሎም ቢሆን ሊጨምር ስለሚችል፣ ቀጣዩን ምክር አትዝለሉ።

አራተኛ፦ ያመጣውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቁጥሮችን አንድ በአንድ እዩ። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? በአማርኛ ሲጽፍ ሴቷን ወንድ አድርጎ መጻፉም ይገጥማል። እውነት ያልሆነውን ሰርዙ። የማይገባችሁን ቃልም ሰርዙ። ቀጣሪው ስለዚያ ቃል ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ለምታምኑት ሰው ሳታሳዩ አትላኩት።

አምስተኛ፦ የምስጢር ነገር ለመሣሪያው አትስጡ። የባንክ የምስጢር ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር ማመልከቻ ለመጻፍ አያስፈልጉም።

ስድስተኛ፦ አዲሱ ጸሐፊ ለሌባም እንደሚጽፍ አትርሱ። አታላይም በዚሁ መሣሪያ ያማረ የሥራ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ይችላል። ጽሑፉ ስላማረ እውነት ነው ማለት አይደለም። ሥራ ሳትጀምሩ «የመመዝገቢያ ገንዘብ ላኩ» የሚላችሁን ተጠራጠሩ። ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን ሄዳችሁ እዩ። ወደ ውጭ አገር የሚያስኬድ ሥራ ከሆነ ደግሞ፣ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን በአቅራቢያችሁ ካለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ጠይቁ።

አንዳንዶቻችሁ «ሌላው ሰው አጋኖ እየጻፈ እኔ እውነቱን ብጽፍ ወደ ኋላ አልቀርም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ጊዜ ያጋነነው ሰው ይቀድማል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ቀጣሪውን አስቡት። 100 ማመልከቻ ከፊቱ ተቆልሏል። ብዙዎቹን የጻፈው ያው መሣሪያ ከሆነ ቃላቸውም ይመሳሰላል። ሁሉም «ታታሪ ነኝ፤ ትጉህ ነኝ» ይላሉ። በዚያ መካከል አንዱ የቡናና የደም እድፍ አስለቅቃለሁ ቢል ዓይን ይይዛል። መሣሪያው ያማረ ቃል መደርደር ይችላል። 17 ዓመት ልብስ ማጠብ ግን አይችልም። ያ የእናንተ ብቻ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ፊደል መቁጠር የጀመራችሁት ሌላው ሰው የጻፈውን በጭፍን ላለመቀበል ነው። ዛሬ ጸሐፊው ተለውጧል፤ ፈጥኗል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን ዛሬም የእናንተ ነው። በዝግታ ብታነቡ አትፈሩ። በጣታችሁ ብትከተሉም አትፈሩ። ያቺ እናት ግማሽ ሰዓት ፈጅተው ያነበቡት አንድ ገጽ ከውርደት አድኗቸዋል።

አሁን የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ደብተራችሁን አውጡና ስለ ሠራችሁት ሥራ 5 መስመር ጻፉ። ማንም ሳይጽፍላችሁ፣ በራሳችሁ እጅ፣ እውነተኛውን ብቻ። ከዚያም ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሥራ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሲመጣ መነሻችሁ በእጃችሁ ይሆናል።

በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ደኅና እደሩ።