ስለ ፅንስ ምርመራ ውጤትና ስለ ወላጆች ውሳኔ

(በአቃቂ ቃሊቲ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የመሐንዲሶች ማኅበር ስለ ፅንስ መነጋገሩ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አይደለም። በእናት ማሕፀን ውስጥ ያለውን የሚያሳየን አልትራሳውንድ ከፋብሪካ የመጣ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የግላስጎው የማሕፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ፣ የብረት ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈተሽበትን መሣሪያ በአንድ የቦይለር ፋብሪካ ሞከረው፤ ከመሐንዲሱ ከቶም ብራውን ጋር ካሻሻለው በኋላም ውጤቱን በ1958 አሳተመ።

እኛ በዚህ በአቃቂ ከብረት ጋር የምንውል ሰዎች፣ ስንጥቅ የተገኘበት ብረት ወደ ምድጃ እንደሚመለስ እናውቃለን፤ ክርክርም አያስነሣም። ማሕፀን ግን ፋብሪካ አይደለም። ምስሉ የጎደለውን ያሳያል እንጂ ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም። ዶናልድ ራሱ የ1967ቱን የእንግሊዝ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነበር፤ በዚያው መሣሪያ በተገኘ ውጤት ግን ብዙ ወላጆች ማቋረጥን መርጠዋል።

ወደ ሀገራችን ሕግ እንምጣ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ እንዲቋረጥ የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ ፅንሱ ሊድን የማይችልና ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ደነገገ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ይፈቅዳል እንጂ አያዝዝም።

«የማይድንና ከባድ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መመዘን አለበት። አኔንሴፋሊ በተባለው ጉድለት የራስ ቅሉና አብዛኛው አንጎል አይሠራም፤ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ወይም በተወለደ በጥቂት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ያርፋል። ስፓይና ቢፊዳ በተባለው ደግሞ አከርካሪው ሳይዘጋ ይቀራል፤ ይህ ግን በቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል፤ በአዲስ አበባም በዘውዲቱ መታሰቢያና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ይሠራል። የልጁ መራመድ ክፍተቱ ባለበት ቦታ ይወሰናል። ስለዚህ የበሽታውን ስም ብቻ ሰምቶ መወሰን አይገባም፤ ሁለተኛ ሐኪም ሊያየው ያስፈልጋል።

ከአራት ዓመት በፊት ጉዳዩ በራሴ ቤት ደረሰ። ባለቤቴ በአምስተኛ ወሯ ስትመረመር የፅንሱ ራስ ቅል አለመሠራቱ ታወቀ። መርማሪው ውጤቱን ለእኔ በኮሪደር ነገረኝ፤ ፅንሱን የተሸከመችው እርሷ ግን በምርመራው አልጋ ላይ ሆና ትጠባበቅ ነበር። ሁለተኛው ሐኪም ካረጋገጠ በኋላ ባለቤቴ ሦስት ነገር ጠየቀች፤ ልጁ ይኖራል ወይ? እኔስ ጤናዬ እንዴት ይሆናል? ወደፊትስ እወልዳለሁ ወይ? መልሱን ሰምታ፣ እናቷንም የነፍስ አባታችንንም አማክራ፣ በስድስተኛው ቀን እንዲቋረጥ ወሰነች። የነፍስ አባታችን በሐሳቡ አልተስማሙም፤ ነገር ግን ከቤታችን እግራቸውን አላነሡም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የልጇ አከርካሪ ክፍት መሆኑ ተነግሯት ለመውለድ ወሰነች። ጀርባው በቀዶ ሕክምና ተዘግቶለት ዛሬ በክራንች እየሄደ ይማራል። እርሷና ባለቤቴ ቡና ይጠራራሉ፤ አንዷ ሌላይቱን ስትወቅስ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ውጤቱ ለእናቲቱ ራሷ በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። ሁለተኛ፣ ምርመራው አይዘግይ፤ ማቋረጡ በዘገየ ቁጥር እየከበደ ስለሚሄድ፣ ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ ያጥራል። ሦስተኛ፣ በሥራችን ላይ አለቆች የሆንን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰበት ሠራተኛ ምክንያቱን ሳንመረምር ፈቃድ እንስጥ።

አራተኛው ግን በቀጥታ የእኛ ነው። ጎረቤቴ ልጇን ትምህርት ቤት ስታደርስ ደረጃውን በጀርባዋ አዝላ ታወጣዋለች። የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ የሌለውን ሕንፃ የነደፈው ሐኪም አይደለም፤ መሐንዲስ ነው። ለመውለድ የሚወስን ሰው የሚሄድበት መንገድ ካልተጠረገለት፣ ወስኗል ልንል አንችልም፤ ተገዷል እንጂ። ለማቋረጥ የምትወስነውም ሴት ደኅና ሕክምና ካጣች እንደዚሁ ነው። ምርጫ ምርጫ የሚሆነው ሁለቱም መንገዶች ሲያስኬዱ ነው።

በመጨረሻም፣ ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ፈተና ሊድን ይችላል። የፅንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያሳተመው ጥናት፣ እንዲህ ያለ ፅንስ አጋጥሟቸው የነበሩ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ጉድለቱ ዳግመኛ የመከሠቱ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፎሊክ አሲድን በዱቄት ፋብሪካ እየመጠኑ ከዱቄቱ ጋር ማዋሐድም የታወቀ ዘዴ ነው። ቃሊቲ የዱቄት ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ነው፤ መጠኑን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ የሚተክለውና የሚጠብቀውም የእኛ ባልደረባ ነው። ያ መሣሪያ በተበላሸ ዕለት የሚጎዳውን ቤተሰብ ፊቱን አናየውም፤ ስለዚህ አንዘንጋው።