አናጢነትና የሚጠይቀው ዕውቀት



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሁላችንም በየቀኑ የምንገለገልበት፣ ነገር ግን አዘውትረን የማናስበው የአናጢነት ሙያ ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጧት የምንከፍተው በር፣ የምንቀመጥበት ወንበር፣ መዝገብ የምንደረድርበት መደርደሪያ አብዛኛውን ጊዜ የአናጢ እጅ ያረፈበት ነው። ስለ ሙያው ከመናገሬ በፊት ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለ ሆነ ማንንም አላስቀይምበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈሬ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አዘዝሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ሽማግሌው ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ እንጨት ገና ውኃውን አልጨረሰም፤ እስከ ጥር ብትታገሠኝ ይሻላል» አሉኝ። እኔ ግን ለእንቁጣጣሽ እንግዶች ጠርቼ ስለ ነበር ምክራቸውን ሳልቀበል ቀረሁ፤ እንዲያውም ቀብዴን እንደማስመልስ አስፈራራኋቸው። ሣጥኑ በበዓሉ ዕለት አምሮ ታየ። በየካቲት ግን መዝጊያው ተጣመመ፤ ጀርባውም ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በቁጣ ሄጄ ብወቅሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ እኔን ማዘዝ ትችላለህ፤ እንጨቱን ግን ማዘዝ አይቻልም» አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀን ከሥራ ቦታቸው እየተቀመጥሁ መጠየቅና ማየት ጀመርሁ። እነሆ የተማርሁትን በአጭሩ አቀርብላችኋለሁ።

የአናጢ የመጀመሪያው ዕውቀት የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ብዙ ውኃ አለበት፤ በአንዳንዱ ዛፍ እንዲያውም የውኃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት ይበልጣል። ውኃው እየወጣ ሲሄድ እንጨቱ ይኮማተራል። ሆኖም መኮማተሩ በሁሉም ወገን እኩል አይደለም። በቁመቱ ከቶ አይታወቅም ለማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን በግልጽ ይታያል። ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀውም በዚሁ አለመተካከል የተነሣ ነው። ደርቆ ከተሠራ በኋላም ቢሆን እንጨት የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌ አልዘጋም ያለው በር በታኅሣሥ ያለ ችግር የሚዘጋው ስለዚህ ነው። ስለሆነም ዐዋቂ አናጢ ጣውላውን በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያጋደመ ይደረድረውና በትዕግሥት ይጠብቀዋል።

ደግሞም እያንዳንዱ ዛፍ የየራሱ ጠባይ አለው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ዋንዛ ለመላጊያ የሚመችና መልኩ ያማረ በመሆኑ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ለቤት ግድግዳና ለጣራ ማገር እጅግ ጠቅሞናል፤ ሲደርቅ ግን መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። አገር በቀሎቹ ዛፎች እየተመናመኑ በሄዱበት በዛሬው ጊዜ፣ አንድ የዋንዛ ጣውላ በስሕተት ያበላሸ ሰው የብዙ ዓመት ዕድገት አበላሸ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕውቀት ልክ ነው። አናጢ ሒሳብ ያስፈልገዋል። መጋዙ ራሱ የሚበላው ውፍረት ስላለ እርሱን ያልቆጠረ ሰው ጣውላው ያጥርበታል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በስኳድራ ይመረምራል፤ ሥራው ሰፊ ከሆነም በአንዱ ጎን 60፣ በሁለተኛው ጎን 80 ሳንቲሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሳንቲሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ይህን ሕግ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተምረን ረስተነዋል፤ አናጢው ግን በየቀኑ እንጀራውን ይበላበታል።

ሦስተኛው ማጋጠም ነው። ምስማር መምታት ለማንም ይቻላል። አንዱን እንጨት በመሮ ፈልፍሎ፣ የሁለተኛውን ጫፍ በልኩ ጠርቦ፣ ሳይላላና ሳይጨነቅ ማስገባት ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ሰፊውን የመዝጊያ ሳንቃም ዐዋቂው በኮላ አያስረውም፤ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሲነፋም ሲኮማተርም መንቀሳቀሻ እንዲያገኝ ነው። በመጨረሻም መሣሪያን መሳል አለ። የደነዘ መሮ ኃይል ስለሚጠይቅ ከእጅ ያመልጣል፤ ስለዚህ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ጥበብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ከሮማ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው የተተከለውን፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የአክሱም ሐውልት ተመልከቱ። ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን በር ተቀርጾበታል፤ መስኮትና የእንጨት አግዳሚ ራስም እንዲመስል ተደርጓል። ድንጋይ ጠራቢው ታላቅ ሥራ ሊሠራ በተነሣ ጊዜ የአናጢውን ቤት አርአያ አድርጎ ወሰደ ማለት ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ መሠራቱ ዛሬም ይታያል።

ይህም ሆኖ የእጅ ሥራን መናቅ በመካከላችን ቆይቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መገሠጽ ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ለውጦ ይኖራል። ልጃችን መጋዝ መያዝ ቢወድ ትምህርት እንደ ጠላ ቈጥረን እናዝናለን። ዕቃ ስናስገዛ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ እንመርጣለን፤ የእንጨቱን መድረቅ ግን አንጠይቅም። ቀኑን እናሳጥራለን፤ ዕቃው ሲሰነጠቅ አናጢውን እንወቅሳለን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ቀላል ነው። አናጢ «እንጨቱ አልደረሰም» ሲላችሁ እመኑት፤ ገንዘብ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ሠርቶ ይሰጣችሁ ነበር። ልጃችሁም መሮና መላጊያ ቢያነሣ ሒሳብን፣ ትዕግሥትንና እውነተኛነትን በአንድነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብቷልና አትከልክሉት።

የእኔ ቁም ሣጥን አሁንም ከቤቴ አለ። ሽማግሌው መዝጊያውን በደረቅ እንጨት ቢለውጡልኝም የጀርባውን ስንጥቅ ግን እንዲተውት ለመንኋቸው። መጽሐፍ ላወጣ በሄድሁ ቁጥር እያየሁት ችኮላዬን አስታውሳለሁ።