ልጆቻችን ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ስለሚገቡበት መንገድ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር

(ባለፈው እሑድ በሕንፃችን የምድር ቤት አዳራሽ የተነገረ ሲሆን፣ በሥራ ምክንያት ያልተገኙት እንዲያነቡት አባላት በጠየቁት መሠረት በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



በመጀመሪያ ቡናውን ላፈሉልን እኅቶች ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ መኪና ማቆሚያው የሚባለው ተብሏል፤ አሁን የምናገረው ዘንድሮ ሃይ ስኩል ስለሚጨርሱት ልጆቻችን ነው። ሦስት ወላጆች በየደረጃው ላይ እያቆሙ «ያንቺ ልጅ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ምን ምን አደረገች?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ ለየአንዳንዱ ከምመልስ ለሁሉም ብናገር ይሻላል ብዬ ነው። የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የማውቀው ልጄን ተከትዬ፣ ወረቀቷን አስነብቤ ያገኘሁትን ነው።

እንደሚታወቀው በአገር ቤት አንድ ተማሪ ውጤት ከመጣለት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጥርስ ሕክምና ይመደባል። እዚህ አሜሪካ ግን መጀመሪያ በአብዛኛው አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ልጃችን «ፕሪ ዴንታል ነኝ» ሲለን የዲግሪ ስም እንዳይመስለን። ዲግሪውን በታሪክም በሂሳብም ሊይዝ ይችላል፤ የሚጠየቀው የታዘዙትን ኮርሶች መጨረሱ ነው። እነርሱም ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ከነላቦራቶሪያቸው አንድ አንድ ዓመት፣ ደግሞም ባዮኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለማይጠይቅ የየትምህርት ቤቱን ዝርዝር ከአሁኑ ማየት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመጀመር ያሰባችሁም፣ ለኪሳችን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከዚያ የሚቀበለውን ክሬዲት ይወስናልና ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኬሚስትሪው እንደ ደረጃ ነው። ጠቅላላውን ሳይወስዱ ኦርጋኒኩ፣ ኦርጋኒኩን ሳይወስዱ ባዮኬሚስትሪው አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ያልጀመረ ልጅ ዓመት ይገፋበታል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ልጄ ሁለተኛ ዓመት ሆና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በያዘችበት ሴሚስተር ኪራዩ ጨመረብን። የሌሊት ሥራ ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እርሷም እሺ አለች፤ እምቢ የምትል ልጅ አይደለችም። ዲ አመጣች። ደገመችውና ቢ አገኘች፣ ኮሌጁም የድሮውን ከአማካዩ አወጣላት፤ እኛም እልል አልን። ለካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚሰበሰብበት ማዕከል ሁለቱንም ይቆጥራል! በጊዜው አቋርጣው ቢሆን ደብልዩ የሚባለው በወረቀቱ ላይ ይታያል እንጂ አማካይ ውስጥ አይገባም ነበር። ማን ይንገረን? እኔ ልከለክላት ሲገባኝ የላክኋት ነኝ። ከእናንተ መካከል ኪራይ የጨመረበት ቢኖር እባካችሁ ለማኅበሩ ንገሩ፣ ዕቁቡን እናስቀድምላችኋለን፤ ልጁን ግን በዚያ ሴሚስተር አትንኩት።

ቀጥሎ ዲ.ኤ.ቲ. የሚባለው መግቢያ ፈተና አለ። ባዮሎጂና ሁለቱ ኬሚስትሪዎች 100 ጥያቄ፣ ንባብ 50፣ ሂሳብ 40 ነው። ፊዚክስ የለበትም። ስለዚህ ኦርጋኒኩ እንዳለቀ፣ ሳይረሳ መፈተን ይቻላል። ሌላው 90 ጥያቄ ዓይን የሚፈትን ነው፤ የትኛው ማዕዘን ይጠባል፣ ወረቀቱ ታጥፎ ተበስቶ ሲዘረጋ ቀዳዳው የት የት ይሆናል የሚል። ልጄ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ስታጥፍ ስትበሳ ሳይ መጫወቻ መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ። ስለ ነጥቡም፣ የቀድሞ ተማሪ «20 አመጣሁ» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ ያ ከ1 እስከ 30 የነበረው አቆጣጠር ነው። ከማርች 2025 ጀምሮ ከ200 እስከ 600 ሆኗል።

ማመልከቻው የሚላከው ከጁን መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ከአራተኛው ዓመት በኋላ ወዲያው ለመግባት በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ማመልከት ማለት ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የመጣውን ቀድመው ስለሚያዩ ቦታው እየሞላ ይሄዳል። የእኛ የሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ላከች፤ ለቃለ መጠይቅ የጠራት የለም። አሁን እንደገና እያመለከተች ነው፤ ዘንድሮ በመጀመሪያው ሳምንት ልካለች።

ከሐኪም አጠገብ ቆሞ ሥራውን ማየትም ይጠየቃል፤ 100 ሰዓት ያህል የሚሹ ብዙ ናቸው። እኛ ሐኪም ዘመድ የለንም። እኔ ማታ ከማጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ የጥርስ ሐኪም ቤት ነውና፣ አንድ ማታ መጥረጊያዬን ይዤ ሰውየውን ጠየቅሁት። «ትምጣ» አለኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈርኩት በከንቱ ነው። ልጆች፣ ሰዓቱን በየቀኑ ጻፉ፤ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሁለት የሳይንስ መምህራንም ከወዲሁ ተዋወቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም በ1840 የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። የመንግሥት በመሆኑ ለሜሪላንድ ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል።

ስለ ገንዘቡ አልደብቃችሁም። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ከፌዴራል መንግሥት ለዚህ ትምህርት የሚያገኘው በዓመት ቢበዛ 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር እንዲሆን ተወስኗል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ወጪው ከዚያ ይበልጣል። የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ጓድ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ክፍያውን ይሸፍናል፤ በምትኩ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማገልገል ነው። እርሱ ግን ለዜጋ ብቻ ነውና፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ አምስት ዓመት የሞላችሁ የዜግነቱን ወረቀት ዛሬ ነገ አትበሉ።

ልጄ በሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚሁ አዳራሽ ትቀመጣለች። የኮሌጅ ኮርሳቸውን ዝርዝር ይዘው የሚመጡትን ልጆች አንድ በአንድ ታያለች። ወላጅም ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ