ገለፈቱ ወደ ወንዝ አይወርድም

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የቡና ማጠቢያው ሠራተኞችም፣ ኮምፖስት ምን እንደሆነ ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ እኛ ካፋዎች የጓሯችንን እንሰት በምን እንደምናፋፋ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ባለፈው ሳምንት ከማጠቢያችን በታች ወንዙ ስለጠቆረ ነው። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ እናቶች ባዶ እንስራ ይዘው ተመለሱ፤ ከብቱም አሽትቶ ትቶታል። ማን አጠቆረው? እኛው ነን። ሲመሽ ገለፈቱን በባሬላ እየተሸከምን ወንዝ ዳር የምንደፋው እኛ ነን።

ገለፈት ስኳር አለው፤ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይጨርሰዋል። ደግሞም ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ገደማው ገለፈት ነው። ይህን ሁሉ ለወንዝ ሰጥተን፣ ለበቆሏችን በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማዳበሪያ ተሰልፈን እንጠብቃለን! ይኼ ያንገበግበኛል።

«ገለፈት ሥር ያቃጥላል» የምትሉ አላችሁ። ጥሬውን ከደፋችሁበት እውነት ነው፣ ያቃጥላል። እኛ ግን ከደረቅ ቅጠልና ከእበት ጋር እያፈራረቅን እንከምረውና በኮባ እንሸፍነዋለን። በሳምንቱ እጃችሁን ወደ ክምሩ ብትሰዱ ሙቀቱ አያስቆያችሁም። እየተገላበጠ ከሦስት አራት ወር በኋላ ሽታው ጠፍቶ፣ ጥቁር አፈር ሆኖ ለበልጉ ዝናብ ይደርሳል።

የኮምፖስቱን አከፋፈል ስልክ ይነግረናል። ማን ስንት ኪሎ ቀይ ቡና እንዳስገባ ሚዛኑ ላይ በስልክ ይመዘገባል፤ ኮምፖስቱም በዚያው ልክ ይደርሰዋል።

ስልክ ስል ፊታችሁ ተለወጠ። እንግዲያው የያዝኩትን የንግግር ወረቀት ልተወው። መዝጋቢ ልጆች ማሳችሁ ላይ ቆመው የቦታውን መገኛ ነጥብ በስልክ ሲይዙ «ለግብር ነው» መባሉን ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ሕግ፣ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ገበያው አይገባም። ስለዚህ ቡናው የበቀለበት ቦታ ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር ላልበለጠ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የእናንተ ቡና አባቶቻችሁ ባቆዩት ዛፍ ጥላ ሥር ያለ ነው። ያ ነጥብ ይመሰክርላችኋል እንጂ አይከሳችሁም። የተጠራጠረ ስልኩን ተቀብሎ የተጻፈውን በዓይኑ ይይ፤ ማንበብ የማይችልም ልጁን ይዞ ይምጣ።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ወንዙ የሚያስወጣው በር ይቆለፋል፤ ቁልፉም ውሃ በሚቀዱት እናቶች እጅ ይሆናል። የመጀመሪያው ክምር ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጀርባ ነው። እበት ያለው እበት፣ ቅጠል ያለው ቅጠል ይዞ በጠዋት ይድረስ።